የ«ሐይቁ ልጅ» መጨረሻ

ዓርብ ንጋት፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ረዳቶቹ ግን ከእንቅልፍ የነቁ አይመስሉም፤ ጭራሽ ያልተኙ ነው የሚመስሉት። «ሶዶ፣ ሶዶ፣ በሆሳዕና ሶዶ!» ሰው ፌስታሉን፣ በገመድ የታሰረ ፍራሹን፣ ባዶ ጀሪካኑን ጣሪያ ላይ ያስጭናል። እኔ የያዝኩት አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው። ውስጡ ላፕቶፕና ቻይና ስማር ከመንገድ ዳር ሻጭ የገዛሁት አንድ ዲስክ አለ። የጉዞዬ ምክንያት እሱ ስለሆነ አስቀድሜ ላስረዳ።

ያደግኩት ሶዶ ነው። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤቶቻችን ውስጥ የህንድና የቻይና ፊልም ነበር የሚታየው። የህንዱን ለዘፈኑ እንገባለን። የቻይናው ግን ሌላ ዓለም ነበር፤ ሰማይ ላይ ቤተ መንግሥት ያላቸው አማልክት፣ ደመና ላይ ቆመው የሚሄዱ ነጭ ጢማም ሽማግሌዎች፣ ከውኃ በታች የሚነግሡ ዘንዶዎች፣ ብዙ ዘመን ኖረው ሰው የሚሆኑ ቀበሮዎች። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ፣ ከሱቃቸው ጀርባ በከፈቱት ቪዲዮ ቤት፣ ፊልሙን የሚተርክልን ሰው አስቀምጠው ነበር። ጋሽ ዳና ይባላሉ።

ጋሽ ዳና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በወላይትኛ ያወሩልናል። ቻይንኛ አያውቁም። የተዋናዮቹን ፊትና እጅ አይተው ነው የሚናገሩት። የአማልክቱ ቤተ መንግሥት በእሳቸው አፍ ዳሞታ ተራራ ጫፍ ላይ ይሆናል፤ የዘንዶው ሐይቅ ደግሞ አባያ። እኛም አምነን እንወጣ ነበር።

ከሁሉም የምንወደው «የሐይቁ ልጅ» ያልነውን ፊልም ነው። ድርቅ የመታውን አገር ለማዳን አንዲት ልጅ ለዘንዶው ትሰጣለች፤ አባቷ እንዲመልሱለት የአማልክቱን ደጅ ይጠናል። የካሴቱ መጨረሻ ግን ተበላሽቶ ነበር። አባትየው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ምስሉ ይጠፋና ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መንጫጫት ይጀምራል። ጋሽ ዳና ያኔም አያቆሙም። በነጩ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው ይቀጥላሉ፤ አባትየው ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ዘንዶውን ይለምናል፣ ልጅቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ቀሚሷ እንኳ ሳይረጥብ ትወጣለች። ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል።

አሁን ሙሉውን ፊልም ይዣለሁ። የሚሉትንም እሰማለሁ። ለጋሽ ዳና አንድም ቀን ያላዩትን መጨረሻ ላሳያቸው ነው የምሄደው። ጥሩ ስጦታ መስሎኛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ

ቡታጅራ ላይ ፓፓያ በመስኮት ይሸጣል። ከወራቤ ወዲያ መንገዱ አዲስ ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዳር ዳሩ ገና ሣር ያልያዘ። ሾፌሩ ከፊት መቀመጤን አይቶ ወሬ ጀመረ።

«ቻይና ተምሬ ነው የመጣሁት አልክ? እንግዲያው እነዚህ መንገድ የሚሠሩት ሲጮኹ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ።»

«አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ በሉ ነው የሚሉት» አልኩት።

«እሱንማ ሳልማርም አውቀዋለሁ» አለና ሳቀ።

ሆሳዕና ምሳ በላን። የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለፈው ምርጫ ፖስተር አሁንም አለ፤ የምርጫ ምልክት የሆነችው ንብ ግማሽ ክንፏ ተልጧል። ከዚያ በኋላ እንሰቱ እየበዛ፣ ቀዩ አፈር እየደመቀ መጣ። አረካ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር የተሰጣ ዝንጅብል፣ ባጃጅ፣ የጫማ ክምር፣ የገበያ ሰው። የዝንጅብሉ ሽታ በመስኮት ገብቶ አውቶቡሱን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በወላይትኛ አናገሩኝ፤ መልሴ ተንተባተበብኝ። ብዙ ዓመት ርቄያለሁ። ዳሞታ ግን እዚያው ነው፤ እንደ ወትሮው ጫፉ ላይ ደመና ተቀምጧል።

ሶዶ ገብቼ በቀጥታ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ጢማቸው ነጥቷል፤ አወቁኝ። ቪዲዮ ቤቱ የፍራሽና የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ሆኗል። አግዳሚዎቹ ከነበሩበት ቦታ ላይ ባልዲ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

«ሰው ሁሉ ቤቱ ዲቪዲ ገዛ» አሉ። «ማን ይመጣል? ዳናም ከሄደ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘብኝ።»

«የት ሄዱ?»

«ሁምቦ። የተከለለ ኮረብታ አለ፤ ደን ይጠብቃል።»

«ለምን ነበር የተዉት?»

ጋሽ ከድር የባልዲ እጀታ አስተካከሉ። «አልነገረኝም። አንድ ቀን መጣና በቃኝ አለ። ለምን ስለው ፊቱን አዞረ። የተቀየመኝ መሰለኝ። እኔም ተቀየምኩ። በዚያው ቀረ።»

የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳይጠየቁ ወሰኑ። «ነገ ሱቁን ዘግቼ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ፣ ሁምቦ

ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። በቆሎው እዚህ አጭር ነው፤ ከብቶቹ ከሲታ ናቸው። ጠበላ ላይ ወርደን ጋሪ ያዝን፣ ከዚያ በእግር። ኮረብታውን ከሩቅ ሳየው ደነገጥኩ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ራቁቱን፣ በጎርፍ የተቦረቦረ ነበር። አሁን ከሥር እስከ አናቱ አረንጓዴ ነው።

ጋሽ ዳና ከጎጇቸው ደጅ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ከዓይናቸው በስተቀር ሁሉ ነገራቸው አርጅቷል። ጋሽ ከድርን ሲያዩ ተነሱ። ሁለቱ ሰላም ሳይባባሉ ቆመው ተያዩ።

«ሳሮ፣ ከድር» ብለው በመጨረሻ በወላይትኛ ሰላም አሉ።

«ሳሮ። ይህን ሁሉ ዛፍ አንተ ነህ የምትጠብቀው?»

«እሱ ነው እኔን የሚጠብቀኝ። ተቀመጡ።»

የተቀቀለ ቦይና በዳጣ ቀረበልን። ቦይና ጎደሬ ነው፤ ዳጣው ደግሞ ቻይና ሆኜ በህልሜ የሚመጣው ቃሪያ። በላን። ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ ላፕቶፑን አውጥቼ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩና ምን እንዳመጣሁ ነገርኳቸው። ጋሽ ዳና እጃቸውን ከምግቡ አነሱ።

«መጨረሻው አለ?»

«አለ።»

«አንተስ የሚሉትን ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ አንተ ተርክ፤ እኔ ልይ» አሉ።

ተረክሁ። ስንቱን ነገር ሳያውቁት በትክክል እንደገመቱት ገረመኝ፤ ስንቱን ደግሞ ፈጽሞ እንዳልገመቱት። ሽማግሌው አምላክ ደግ ነው ይሉን ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ግን የድርቁ ምክንያት እሱ ነው። ጋሽ ከድር እየሳቁ «ስንት ዓመት ስታሞግሰው ከረምክ» አሏቸው። ጋሽ ዳናም ሳቁ። ጥሩ ቀን ነበር እስከዚያ ድረስ።

አባትየው ሐይቁ ዳር ደረሰ። እኔም፣ ሁለቱ ሰዎችም፣ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ስክሪኑ ነጭ እስኪሆን የጠበቅን ይመስለኛል። አልሆነም። ዘንዶው ከውኃው ብቅ አለና «ልጅህ አትመለስም» አለው። «የውኃው ነፍስ ሆናለች፤ ከመለስኳት ሐይቁ ይደርቃል። ወደ ቤትህ ሂድና አልቅስላት። ያልተለቀሰለት ሰው ማረፊያ የለውም።» አባትየው ወደ መንደሩ ተመልሶ የልጁን ልብስ አጥቦ፣ አጥፎ፣ እንደ ሰው ቀበረው። የመንደሩ ሰው መጥቶ አብሮት አለቀሰ። ከዚያ ዘነበ።

ትርጉሜን ስጨርስ ጋሽ ዳና ስክሪኑን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያዩት።

«አልቅስላት ነው ያለው?»

«አዎ።»

«በደንብ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ዳና።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ከድር መናገር ጀመሩ።

«አማረችን ታስታውሳለህ? ቅቤ የምትሸጠዋን። ልጇን መሰለችን፣ ቢላቴን ስትሻገር ጎርፍ የወሰደባትን።»

«እንዴት አላስታውስም። አስከሬኗ ሳይገኝ ቀረ።»

«ዘመድ ልቅሶ እንቀመጥ ሲላት እምቢ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ትመጣና በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ይህን ፊልም ብቻ ነው የምታየው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀረችና ‹ዳና፣ እውነት እንዲህ ይላል?› አለችኝ። ይላል አልኳት። የልጇን አልጋ በየሳምንቱ ታነጥፋለች አሉኝ። እኔ ከአፌ ባወጣሁት ነገር። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሳሁ፤ አልቻልኩም። ዓይኗን ማየት ሲያቅተኝ ነው በቃኝ ያልኩህ።»

ጋሽ ከድር ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ እኔን የጠላኸኝ መስሎኝ ነው።»

«ኋላ ልቅሶ መቀመጧን ሰማሁ። ምን ፊት ይዤ ልሂድ?»

ከኮረብታው ወፎች ይሰማሉ። ላፕቶፑን ዘጋሁ። ይዤው የመጣሁት ነገር ስጦታ መሆኑን እዚያው ላይ መጠራጠር ጀመርኩ።

«ነገ እሑድ ነው» አሉ ጋሽ ከድር። «አብረን እንሄዳለን።»

እሑድ፣ ሶዶ

እትዬ አማረች የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን ገና አልፈቱም ነበር። ጋሽ ዳና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሌሊቱን ጋሽ ከድር ቤት ነው ያደሩት። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

እትዬ አማረች አዩአቸው። «ዳና ነህ?»

«ነኝ።»

«ግቡ።»

ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ የአንዲት ወጣት ፎቶ በጥቁር ክፈፍ ተሰቅሏል። ጋሽ ዳና ፎቶውን አይተው ወደ እትዬ አማረች ዞሩ።

«አማረች፣ ያ ፊልም . . . መጨረሻውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ካሴቱ ላይ አልነበረም። ይላል ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

እትዬ አማረች አልተገረሙም። «መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት» አሉ። «ነጭ ነገር ላይ እያየህ ማን ይነግርሃል? ዓይን የለኝም?»

«ታዲያ ለምን ትመጪ ነበር?»

«ሁሉም ሰው አልቅሺ ነበር የሚለኝ። ወንድሜም፣ ቄሱም፣ ጎረቤቱም። ትመጣለች የሚለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። እንደማትመጣ አውቃለሁ። መስማት ግን ፈለግሁ። እየሰማሁ፣ እየሰማሁ፣ ቀስ ብሎ ከውስጤ እንዲወጣልኝ።»

እትዬ አማረች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

«ከዚያ አንድ ቅዳሜ ብመጣ የለህም። ከድርን ብጠይቀው ‹ሄደ› አለኝ። ሳልጨርሰው ሄድክ። ሌላ ዓመት ነው የፈጀብኝ። በመጨረሻ ድንኳን ተተከለ፤ የከተማው ሰው መጣ። ከድር መጣ። ዳና የታለ ብዬ በር በሩን አየሁ። ሦስቱንም ቀን አየሁ።»

«ሰምቼ ነበር» አሉ ጋሽ ዳና።

«ሰምተህ ቀረህ?»

«አፈርኩ። ያታለልኳት ቤት እንዴት እገባለሁ ብዬ።»

«ስላታለልከኝ አልተቀየምኩህም» አሉ እትዬ አማረች። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የተቀየምኩህ ልቅሶዬ ላይ ስለቀረህ ነው። እሷን ከእኔ ሌላ በየሳምንቱ ያስታወሳት ሰው አንተ ነበርክ።»

ጋሽ ዳና ከወንበራቸው ተነስተው ከፎቶው ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ ጎንበስ ብለው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። «መሰለችን ነፍሷን ይማር።» ከዚያ አለቀሱ። ጋሽ ከድርም ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔም ተከተልኩ። እትዬ አማረች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበስ ጀመሩና መልሰው ተዉት፤ ያ ጊዜ አልፏል። ብቻ መጥተው ከፊታችን ተቀመጡ።

የፊልሙን እውነተኛ መጨረሻ ልንገርዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ። እሱ ለፊልሙ ሰዎች ይሁን።»

ስንወጣ ጋሽ ዳናን እስከ ግቢው በር ሸኟቸው። «ቅዳሜ ገበያ ላይ ነኝ» አሏቸው። ጋሽ ዳና እመጣለሁ አላሉም፤ አልመጣምም አላሉም። ጉልበታቸው ዳገቱን እንደማይችል እየሄድን ሳለ ነገሩን፤ ከሁምቦም ከወጡ ብዙ ጊዜ መሆኑን።

ሰኞ ማለዳ፣ ሶዶ መናኸሪያ

ጋሽ ዳናን ትናንት አመሻሽ ላይ ወደ ሁምቦ አሳፍረናቸዋል። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ሊሸኙኝ መጥተው ቦርሳዬን ይዘውልኛል። ፉርኖ የሚሸጡ ሴቶች፣ የጭስ ማውጫ ጭስ፣ ወደ ሃላሌ የሚሄደውን መኪና ለመሙላት ሰው የሚጣሩ ረዳቶች። ጋሽ ከድር ብዙ አያወሩም። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን በመስኮቱ ሥር ቆመው ቀና አሉ።

«የሁምቦ ሚኒባስ ከየት እንደሚነሳ አይተሃል?»

«ቅዳሜ የተሳፈርንበት?»

«ከሱቄ ፊት ለፊት ነው የሚነሳው። ይህን ሁሉ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ‹ሁምቦ፣ ሁምቦ› እያለ ረዳቱ ሲጣራ እሰማዋለሁ።»

ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው ነበር። አውቶቡሱ ተነሳ፤ እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ቀሩ።