ረዲ ያቀናት ሳንቲም

በ1977 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሰሞን ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በመርካቶው ምን አለሽ ተራ በኩል አለፈ። ቆሎ ሻጯ እትዬ ለተብርሃን የተጨረማመተ ጣሳቸውን ይዘው አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ፊት ቆመዋል። ሰውየው ጣሳውን ተቀብሎ ከውስጥ መታ መታ አደረገና አቀናላቸው። ሒሳብ ቢሉት፣ «ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ ስፍር አጉድሎ በሰው ያሳማዎታል፤ ይሂዱ፣ ይስፈሩበት» ብሎ ሸኛቸው።

ሰውየው ረዲ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከስልጤ መጥቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዘይት ቆርቆሮ የእህል መስፈሪያ ሲሠራ ኖሯል። የታጠፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሚስቱ ሐጀራ «አንተ እኮ ሙዝም ታቀናለህ» ትለዋለች።

በዚያው ሳምንት በኪሎ ከገዛው ቁርጥራጭ ነሐስ መሀል አንዲት የታጠፈች ሳንቲም አግኝቶ ነበር። እንደ ልማዱ ጉማጅ እንጨት ላይ አስተኝቶ ሁለት ሦስቴ በመዶሻ መታት። ቀናች። ገልብጦ ሲያያት፣ እንጨቱ ላይ በተኛው ገጽ አንዲት ሴት የእህል ዛላ ይዛ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ዛላ የሞላበት መስፈሪያ አለ። መዶሻው ባረፈበት ገጽ ግን የአንድ ሰው አንገት ብቻ ቀርቷል።

ረዲ እትዬ ለተብርሃንን እንደ ሸኘ ጸሐፊው በብብቱ የያዘውን መጽሐፍ አየና ሳንቲሟን አወጣ።

«ጋሼ፣ የተማሩ ይመስላሉ። እስቲ ይህችን ይዩልኝ።»

«ተምሬ ሳይሆን አንብቤ ነው» አለ ጸሐፊው። አገላብጦ አያት። «የጥንት ሮማውያን ሳትሆን አትቀርም። ከተማቸው ከግብፅ በመርከብ የሚመጣ ስንዴ ትበላ ነበር። እህሉ እንደማይቋረጥ ለሕዝቡ ሊነግሩ ከንጉሣቸው ፊት ጀርባ ሳንቲም ላይ ይቀርፁታል።»

«የሚቀርፁት እህል ሲተርፍ ነው ሲጠፋ?»

«እሱን መጽሐፉ አልነገረኝም።»

«ሲጠፋ ነው እንጂ! የጠገበ ሰው የእህል ሥዕል ምን ያደርግለታል?»

በዚያ ዓመት ሬዲዮ ጠዋት ማታ የሚያወራው ለተራበው ሕዝብ አሰብ ወደብ ስለ ደረሰ የእርዳታ ስንዴ ነበር። ከጎኑ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው የረዲ ጎረቤት ባህረዲን ግራ ቀኙን ቃኘት አድርጎ ሳቀ።

«ቅርስ ስለሆነች ለሙዚየም መሰጠት አለባት» አለ ጸሐፊው።

የረዲ ፊት ጠቆረ። «ፊቱን ማን አጠፋው ቢሉኝስ? ቅርስ አበላሸህ ብለው ቢያስሩኝ፣ ሱቄን ቢያሽጉትስ?»

«ንጉሥ በመዶሻ ስላጠፋህ ይሸልሙሃል እንጂ!» አለ ባህረዲን። «ዘመኑ ያንተ፣ የወዛደሩ አይደል?»

ረዲ አልሳቀም። ለፈረንጅ የሚሸጥ ደላላ ትናንት ጠይቆት እንቢ ማለቱን ነገራቸው። «መስፈሪያውን የቀረፀው ሰው ሥራዬን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ለደላላ አልሰጥም።»

ሳንቲሟን ከጸሐፊው ተቀብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣት። ወደ ጸሐፊውም ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ነገ ሙዚየም አብረውኝ ይሂዱ። ሹም ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ደግሞ በወረቀት ይጻፉልኝ፤ ረዲ በክፋት አላጠፋም፣ ታጥፋ አግኝቷት ሊያቀናት ብሎ ነው ይበሉልኝ።»