ከአባቴ ብሽሽት የተሰማው ድምፅ

አባቴን መጀመሪያ የያዘው ግራ ባቱን ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ በሠራበት ዘመን ነበር። ጥቂት ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። ቁርጥማት መስሎን በቅቤ አሸነው። አልተሻለውም።

የገበያው መንገድ በምሽጉ ሥር ያልፋል። አባቴ እዚያም ይቆማል። ባንዳዎች አዩት። የሚቆመው ወታደር ሊቆጥር ነው አሉ። አሰሩት።

እግሬን አሞኝ ነው ስላላቸው፣ ስንቅ ይዤ ስደርስ ደግፈው ብለው ከእሱ ጋር ወደ ጣሊያኑ ሐኪም አስገቡኝ። ሐኪሙ ማዳመጫውን፣ ስቴቶስኮፑን፣ ብሽሽቱ ላይ አሳረፈ። በቀኝ፣ ከዚያም በግራ። በግራው ቆየ። አስተርጓሚው ቃሉን ነገረን፦ «አርተሪው፣ ደም ወደ እግር የሚወስደው ሥር፣ ጠቧል። ደሙ በጠባቡ ሲያልፍ ይጮኻል። ሰውዬው የሚቆመው አሞት ነው።»

ፈቱት። አባቴ ግን አላመነም፤ ያዳመጠኝ በሆዴ ያለውን ምስጢር ሊሰልል ነው አለኝ።

አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ ባሰ፤ ጣሊያን የፈታው ጠቋሚ ሆኖለት ነው ተባለ። ለደቦ የሚጠራን ጠፋ። ወዲያው ለአርበኞች የተሸሸገውን እህል ጣሊያን ደርሶበት አቃጠለው። አውጫጭኝ ተጠራ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በመሐላ እየተናገረ ጥፋተኛ የሚፈለግበት ሸንጎ ነው። ጠቋሚ የተባለ በሕይወት አያድርም።

ጎረቤታችን አያ መኮንን ተነሡ። «ሌላውን ሲገርፉ፣ አንቱን እግርዎን ዳስሰው ሰደዱዎት አሉ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።»

እኔ ከአጥሩ ቀርከሃ ቆርጬ ሁለቱንም አፉን ከፈትሁና ለንስሐ አባታችን ሰጠሁ። እንደ ሐኪሙ የአባቴን ብሽሽት በቀኝም በግራም አደመጡ። ግራው እንደ ወናፍ እፍ እፍ ይላል አሉ። አያ መኮንንም ቀርከሃውን ተቀብለው አደመጡ። አሁንም አላመኑም፤ ጋደም ብለው የራሳቸውን እግር አስደመጡ።

የእሳቸው ዝም ያለ ነው።

«እውነትም ይጮኻል እንዴ?» አለ አባቴ። ያመነው ያን ጊዜ ነው፤ ሸንጎውም ለቀቀው።

ጠቋሚው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቴ ግን ሐኪሙ እንደመከረው እስኪያመው እየተራመደ፣ ሲለቀው እንደገና እየተነሣ፣ እግሩን ከእሾኽና ከእሳት እየጠበቀ፣ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ ገበያ መድረስ ቻለ፤ ለደቦም ቀድመው የጠሩን አያ መኮንን ነበሩ።

አሁን የድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ትምህርት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያን ሐኪም ማመስገን ይከብደኛል፤ ያለው ግን እውነት ነበር። አያ መኮንንን ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ መጠርጠር ብቻ ሳይሆን ጆሯቸውንም ሰጥተዋልና። እናንተም ስትራመዱ ባታችሁን የሚይዝ፣ ስትቆሙ የሚለቅ ሕመም ካለባችሁ፣ በቅቤ አትሸንግሉት። ሐኪሙን ብትጠረጥሩም የደም ሥራችሁን አስደምጡ።