ባሕር ደባርቅ ሊደርስ ነው ያልኩ ቀን

በጃንሆይ ዘመን የደባርቁ ቤታችን ግድግዳ ጋዜጣ የለበሰ ነበር። አባቴ ነጭ ሽንኩርት ጭነው ጎንደር በወረዱ ቁጥር አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ይመለሳሉ፤ እኔ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ተማሪ ሲያልፍ ጎትቼ አስገባና «ይቺ ማን ትባላለች?» እያልኩ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ሌላ መጽሐፍ አልነበረኝም።

ከሁሉ የምወደው ከገብሱ ጎታ በላይ የተለጠፈውን ነበር። አገር ስላጠፉ የባሕር ማዕበሎች ይናገራል። ከባሕር በታች ምድር ስትናወጥ፣ አንዳንዴም እሳት የሚተፋ ተራራ ሲፈነዳ ውኃው ተነሥቶ ይመጣል፤ አስቀድሞ ግን ከዳርቻው ይሸሻል ይላል። ይህን ያዩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሊናገር ሲል ወሬው ከጎታው ኋላ ይገባል። ጎታው ደግሞ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ በበሬም አይነቃነቅ።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከመንደሩ ሴቶች ጋር ምንጭ ብንወርድ ውኃው የለም። እንስራ እንዳዘልን ጭቃው ላይ ቆምን። እኔም አላስቻለኝም፤ ውኃ ከሸሸ ባሕር እየመጣ ነው አልኳቸው።

«ባሕሩ ምጽዋ አይደል እንዴ?» አለች አንዷ። «የሊማሊሞን ገደል በምን ጉልበቱ ይወጣዋል?»

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አልሳቁም። «እሱ ዳገቱ ላይ እስኪያርፍ እኛ ቀድመን እንውጣ» ብለው ከቤት ዶሯቸውን አንስተው በነጠላ ጠቅልለው ወደ ጉብታው አቀኑ። አንዷ ስትከተል ሁሉም ተከተለ። እስከ ቀትር ቁልቁል ቆላውን ስናይ ዋልን። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ከቆላው ከዛሪማ በኩል ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ውኃው የት ደርሷል?» አሉት አክስቴ።

«የቱ ውኃ፣ እናቴ? እኔ ለአህዮቼ የማጠጣው አጥቼ ነው የመጣሁት።»

ስንወርድ ነገሩ ታወቀ። አባቴ ከበላይ ሆነው ምንጩን ወደ ሽንኩርታቸው ጠልፈውት ኖሯል።

«ማዕበሉ አንተ ነሃ» አሏቸው አክስቴ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በመንገድ ሲያልፉ ሴቱ ሁሉ «ሽሹ፣ መጣ» ይል ጀመር። ንዴታቸው ወደ እኔ ዞረ። «ያሳበደሽ ያ ግድግዳ ነው። ነገ በጭቃ እመርገዋለሁ።»

በማግስቱ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ቀረበ። አባቴ ከበሩ ጀመሩ። እኔ ጥግ ይዤ አለቅሳለሁ። እጃቸው ጎታው ዘንድ ሲደርስ አክስቴ ዶሯቸውን ታቅፈው ገቡ።

«ቆይ፣ እነዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ያዩት ሰዎች ዳኑ?»

«ከጎታው ኋላ ነው» አልኩ።

«የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አሉ አባቴ፣ ጭቃው በእጃቸው እንዳለ።

«አንዱ ማዕበል በፖርቱጋል ነው፣ በበዓል ቀን፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ።»

«ፖርቱጋሎች? እነዚያ በእኛ አገር ድልድይ ሠሩ የሚባሉት?» ጭቃውን ወደ ክምሩ መለሱ። «የምናውቃቸው ሰዎች ከሆኑማ መጨረሻቸውን መስማት አለብን።»

ገብሱ ተዛቀ፤ አራት ጎረቤት ተጠርቶ ጎታው ተገፋ። በሆዴ ተኝቼ አነበብኩ፦ ባሕሩ ሲሸሽ አይተው ከፍታ ላይ የወጡት ዳኑ።

አክስቴ ዶሯቸውን አሻሹ። «ሰማህ?»

ጎታው ሲገፋ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበርና፣ አባቴ ለግድግዳዬ የተቦካውን ጭቃ አንስተው ጎታውን መምረግ ጀመሩ።