ልጄን ካሜራ ፊት አማኋት

ልጄ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ታጠናለች። ከዚያ በላይ ብታስረዳኝም አልያዝኩትም፤ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አምና የአፍሪካ ሳይንቲስቶችን የሕይወት ታሪክ ለዓለም እናሳያለን የሚሉ ሰዎች መረጧት። «እማዬ፣ አንቺንም ማነጋገር ይፈልጋሉ» ስትለኝ ቀልቤ አልወደደውም።

ያደገችበት የካዛንቺስ ቤታችን ፈርሷል። ስለዚህ አሁን ወደምኖርበት ወደ ቄራ መጡ። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። ሁለት ወጣቶች ካሜራቸውን ተከሉ፤ ጋዜጠኛዋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያል።

«እማማ፣ በቃ ዘና ይበሉ፣ ካሜራውን ይርሱት። ልጅዎ በልጅነቷ እንዴት ነበረች?»

«ኧረ እሷ! ሰነፍ ነበረች።»

«ሰነፍ?» ብላ ሳቀች። «እዚህ ትደርሳለች ብለው አስበው ያውቃሉ?»

«የት አባቷ! መጥረጊያ እንኳ አጥብቃ የማትይዝ ልጅ።»

ከጎረቤቶቼ አንዳቸውም አልተገረሙም። እኛ ዘንድ ልጅ በሰው ፊት አይሞገስም፤ የሰው ዓይን አለ። ከእሷ በፊት የወለድኩትን ልጄን አንዲት ሴት አቅፋ «ምን የመሰለ ልጅ ነው!» ብላ፣ እንትፍ እንትፍ እንኳ ሳትልበት ሄደች። በሳምንቱ ቀበርኩት። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎኛል። እኔ ግን የማስታውሰው ያችን ሴት ነው። ዓለም ሁሉ የሚያይበት ካሜራ ደግሞ ስንት ዓይን ነው?

እውነቱን ብናገር ኖሮ ሌላ ነበር። ኡራኤል አካባቢ ቢሮ ሳጸዳ፣ ጀርባው ያልተጻፈበትን ወረቀት ከቆሻሻ መጣያ እየለቀምኩ በመርፌና በክር ሰፍቼ ደብተር አደርግላት ነበር። ፈተና ሲደርስ፣ ዕቃ እንዳይንኳኳባት ወጤን ጎረቤት ሄጄ እሠራ ነበር። ይህን ለጋዜጠኛዋ አላወራሁላትም። ያን ሁሉ የደከምኩት ጎበዝ ስለነበረች ነው፤ እሱን ማውራት ልጄን ማሞገስ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ፕሮግራሙ የወጣ ቀን ልጄ መጥታ በስልኳ አሳየችኝ። ሰነፍ ነበረች ስል እታያለሁ። ከዚያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «የወለደቻት እናት እንኳ አላመነችባትም፤ እሷ ግን ብቻዋን ታግላ ወጣች» ይላል። ከሥሩ ሰው ብዙ ጽፏል።

«ምን ይላሉ?» አልኳት።

«ተይው እማዬ።»

«ዓይን ፈርቼ እኮ ነው። አንቺ ይህ ይጠፋሻል?»

«አይጠፋኝም። ለሰው እንደዚያ እንደምትዪ አውቃለሁ።» ስልኩን አጥፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «በሩ ተዘግቶ፣ እኔና አንቺ ብቻ ሆነን ግን መቼ ነው ጎበዝ ብለሽኝ የምታውቂው?»

አሰብኩ። አንደኛ ወጥታ ካርዷን ይዛ እየሮጠች ስትገባ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል» ነበር ያልኳት። የምርቃት ፎቶዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። የወላጅም ዓይን ይጎዳል ሲባል ሰምቼ፣ ለብቻዬ ሆኜ እንኳ አተኩሬ አላየውም።

ያኔ ጎበዝ ነሽ ልላት ይገባኝ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ቃሉ አልመጣ ሲለኝ «ምሳ በልተሻል?» አልኳት። «በልቻለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሰሞኑን ሌሎች ሰዎች ታሪኳን ሊቀርጹ ጠርተዋታል። ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

«እናቴን አትጠይቋት ብያቸዋለሁ።»

ልትጠብቀኝ ይሁን ልትቀጣኝ አልገባኝም።

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት።