ኮቱን የጣለው ቫይረስ

ዞሌካን የሚያውቅ ሁሉ እጇ ወርቅ ነው ይላል። በኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ተምች የሚገድል ቫይረስ ታራባለች። ብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ የተምች ሕዋሶች ላይ ትለቀዋለች፤ ሲጨርሳቸው ቀድታ ወደ ሌላ ብልቃጥ ታሻግረዋለች። የምትቀዳውም ሁልጊዜ ቀድሞ ከጨረሰው ብልቃጥ ነው። «የኔ አንበሳ!» ትለዋለች። የፈጠነ ሁሉ ጎበዝ ይመስላታል፣ ምን ታድርግ!

ከዚሁ አንበሳዋ ለአጎቷ ለዳሉክሶሎ ማሳው ላይ እንዲረጨው በጄሪካን ሞልታ ሰጠችው። አምና የረጨው መርዝ ዶሮዎቹን ስለፈጀበት፣ ዘንድሮ መርዝ የሚባል ነገር ደጄ አይደርስም ብሎ ምሏል። በቆሎው ደግሞ የቤቱ የዓመት ቀለብ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

«ማድሎሞ!» አላት በአባቷ ጎሳ ስም፤ ሲቆጣም ሲያቆላምጥም እንዲሁ ነው የሚጠራት። «መድኃኒት ነው ወይስ የተምች ማደለቢያ የሰጠሽኝ?»

«ተው እንጂ አጎቴ፣ አትቀልድ!»

«ቀልድ? መጥተሽ እያቸው፣ ጠግበው ሊያገሱ ምንም አልቀራቸው!»

ሳቀች፤ ስልኩን ዘግታ ግን ለማጣራት ተነሳች። ያንኑ ቫይረስ ቅጠል ላይ ቀብታ ለቤተ ሙከራው ተምቾች ሰጠች። ቀን ጠብቃ ክዳኑን ስትከፍት ቅጠሉ አልቋል፣ አንድም የሞተ ተምች የለም። ከብልቃጡ ቀድታ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ወትሮ ሕዋሱን ሞልተው የሚያበሩት ፍሬዎች የሉም!

«ወይ ጉዴ! ወይኔ!»

ፍሬዎቹ የቫይረሱ ኮት ናቸው፤ ቅጠል ላይ ተምቹ እስኪበላው ድረስ ከፀሐይ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ብልቃጥ ውስጥ ምን ፀሐይ አለ? ኮት በመሥራት ጊዜ ያላጠፋው ሌላውን ቀደመ፤ እሷም ያንን እየመረጠች አራባችው።

አለቃዋ ኖሲሴ መጥታ አየች። «በየመሃሉ ለሕያው ተምች እያበላሽ አላሳለፍሽውም? ኮት የሌለው እዚያ ይቀር ነበር።»

«ፈጣን ስለነበረ... ጎበዝ መስሎኝ...»

ኖሲሴ ብልቃጡን አንስታ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ብትጮህባት ይሻል ነበር።

ዞሌካ በጠዋት ታክሲ ይዛ መንደር ገባች። አጎቷ ማሳው ዳር ቆሟል።

«ጥፋቱ የኔ ነው አጎቴ። ተምቹን በእጄ ለቅሜ እጨርስልሃለሁ።»

«የኔን ብቻ?»

በአጥሩ ማዶ አሳያት። በየማሳው ሴቶች አጎንብሰው ተምች ይለቅማሉ።

«የእህቴ ልጅ የሠራችው ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አካፈልኩት እኮ! ባንቺ ስም አምነው መርዝ ሳይረጩ ቀሩ።»

ዞሌካ ክው አለች። ሴቶቹ ቀና ቀና ብለው አዩዋት። የሰደባት የለም፤ ሰላም ያላትም የለም።