ድንጋይ እስኪሆን ያቀዘቀዝኩት መድኃኒት

ሮቢት ብሆን ኖሮ በፀሐዩ አሳብቤ ዝም እል ነበር። ቆላ ውስጥ ውሃ ደጋግሞ የሚጠጣን ሰው ምን ሆንክ የሚለው የለም። እዚህ ጀርመን ግን መስኮቱ በጉም ተሸፍኗል፣ እኔም ሹራብ በሹራብ ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ጨርሼ አፌ አሁንም ደረቅ ነው። ልጄ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። በፀሐይ የማሳብበው ነገር ሲጠፋ ገባኝ። የስኳር ጥም ነው።

መርፌዬን ደግሞ አላጓደልኩም፤ ትናንትም ዛሬም በሰዓቱ ተወግቻለሁ። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። ሌላ ጊዜ በመዳፌ ሳሸው እንደ ወተት ይዋሃዳል። አሁን ጓጉሏል፤ ፍርፋሪው ከመስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ስወጋው የሰነበትኩት መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። ወዲያው የዚያ ደላላ ፊት መጣብኝ።

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የቪዛ ወረቀት የሚሞላ ሰው ነው። ልጄ ልትወልድ ስትል ላርሳት ብዬ ሄድኩበት። የጉዞ መድኑን ፎርም ሲሞላ፦

"ማዘር፣ በሽታ አለብሽ እንዴ?" አለኝ።

"ስኳር አለብኝ፤ መርፌ እወጋለሁ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ፈረንጅ በሽተኛ አያስገባም። ከጤና ጣቢያ ወረቀት እንዳታጽፊ፤ ኤርፖርት ላይ ካዩብሽ ከበር ይመልሱሻል። የመድኃኒቱን ካርቶንም ጣይው።"

"ልጄስ ትወቅ?"

"እሷማ በስልክ ታወራዋለች። ጤነኛ ነሽ ብዬ ሞልቻለሁ፤ ከእንግዲህ ብታወሪ ውሸታሟ አንቺ ነሽ።"

ልጄ እንደሆነች መታመሜን አታውቅም ነበር። የያዘኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በሰው አገር ያለ ልጅ ክፉ አይነገረውም ብዬ ደብቄያታለሁ። እኔ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ወረቀት የሚሞላ ሰው ሁሉ እውነት የሚናገር ይመስለኛል። ካርቶኑን ጣልኩ። ጤና ጣቢያችን ውስጥ እኛን የስኳር ሰዎችን የምትከታተል፣ ስትቆጣ የምታስፈራ ነርስ አለች። ብጠይቃት ሁሉንም ትነግረኝ ነበር። ወረቀት ትጽፍብኛለች ብዬ በበሯ ሳላልፍ ቀረሁ።

ስለዚህ በገዛ እውቀቴ ሄድኩ። እኛ ቆለኞች ስለ ኢንሱሊን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሙቀት ይገድለዋል። ፍሪጅ የሌለን ሰዎች በጣሳ አድርገን ከውሃው እንስራ ስር እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንቀብረዋለን። ብርድም ይገድለዋል የሚል ሰው በሮቢት ገበያ ሰምቼ አላውቅም። እናም ለስላሳ ለምትሸጠው ጎረቤቴ ወሰድኩላት።

"ውሃው ድንጋይ በሚሆንበት በኩል አድርጊልኝ" አልኳት።

"ጀርመን ራሱ ፍሪጅ ነው ይላሉ" ብላ ሳቀች። "ወላሂ፣ በረዶ ተሸክሞ በረዶ አገር የሚሄድ ሰው አንቺን አየሁ።"

አብሬያት ሳቅሁ። በማግስቱ ድንጋይ አድርጋ ሰጠችኝ። በረዶ በሆኑ ሁለት የውሃ ጠርሙሶች መሃል ሸጉጬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ለአራሷ ካዘጋጀሁት የአጥሚት እህል ጋር ይዤ ተሳፈርኩ። መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ብርዱ አንቀጠቀጠኝ። እኔን ቢበርደኝም መድኃኒቴ ተመችቶታል ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ስትገባ ብልቃጡ እጄ ላይ ነበር።

"እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ምንም።"

"ስጪኝ።" አየችው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ከሄድሽ በዓመቱ።"

"በየሳምንቱ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስትዪኝ?"

"እንዳትሳቀቂ ብዬ ነዋ።"

"አሁንስ? ልታርሺኝ መጥተሽ እኔ አስታማሚ ልሁን?" እንባዋ ሕፃኑ ላይ ወረደ። "ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ተይ፣ ይመልሱኛል።"

"ማን ነው የሚመልስሽ?"

የደላላውን ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ "ስኳር አለበት ተብሎ የተመለሰ እንግዳ የለም" አለች። "የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ያንቺ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ነበር። የመድኑንም ነገር እውነቱን ተናግረን የሚሆነውን እናያለን።"

ያ ሰውዬ አታጽፊ ያለኝን ወረቀት ነው የምትለው። እኔ ግን የተናደድኩት በእሱ ብቻ አይደለም። የአሥር ቀን አራስ፣ ክርስትና ያልተነሳ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ፣ በእኔ ምክንያት ነፋስ ውስጥ ወጣች። ሮቢት ብትሆን ደጃፍ እንኳ አላስረግጣትም ነበር። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ሄድኩ።

ሐኪሟ ጣቴን ወግታ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ወዲያው ግሉኮስ የሚመስል ነገር ክንዴ ላይ ሰኩልኝ። ስኳር የሚጨምሩብኝ መስሎኝ ስጮህ ልጄ ጨው ያለበት ውሃ ነው ብላ አረጋጋችኝ። ሐኪሟ ብልቃጡን አገላብጣ አይታ አንድ ነገር ጠየቀች።

"በረዶ ሆኖ ነበር ወይ ትልሻለች" አለች ልጄ።

"አዎ። እኔው ነኝ ያስደረግሁት።"

ሐኪሟ አልሳቀችብኝም። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይረባም፣ ይጣላል አለች። ነገሩ ይኸው ነው። ያቺ የጤና ጣቢያችን ነርስ ብጠይቃት ቆማ የምትነግረኝ ነገር ነበር።

በተኛሁበት ደላላው ደወለ። "ማዘር፣ ደረስሽ አይደል? አላልኩሽም?" አለኝ። ለሌላ ሰው እንዲህ ብለህ ብትመክር እግዚአብሔር ይፍረድብህ ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ለጎረቤቴ ደውዬ፣ ማንም ኢንሱሊን ይዞ ቢመጣ ድንጋይ በሚሆንበት በኩል እንዳታስገቢ አልኳት። ነርሷ ጋ ሄዳም ለስኳር ሰዎች ሁሉ እንድታስነግርልኝ ለመንኳት።

በሦስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ወጣሁ። አዲሱ መድኃኒት ከፍሪጁ በር ላይ ነው፣ ሐኪሟ የጻፈችልኝ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ። ለመድኑም እውነቱን ተናግረናል፤ መልሱ ገና ነው። ልጄ ተኝታለች፤ ሕፃኑን ታቅፌ ለእሷ የጣድኩትን አጥሚት እየጠበቅሁ ነው። ጥሙ ለቆኛል። ደህና ነኝ፤ አሁን ሳልዋሽ ነው የምለው።