ወይዘሮ ብርቄ ዓለሙና የዘይቱኑ ትል

አክስቴ ወይዘሮ ብርቄ ዓለሙ በጦርነቱ ከመተማ ተሰደው በሰፈሩበት በኮኪት ባለፈው ሳምንት በወባ ታመው አርፈዋል። የመተማ ሰው በጦርነቱ ምክንያት ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ሳንጃና ወደ ጎንደር ስለ ተበተነ ለቀብራቸው ያልደረሳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከቀብር ስንመለስ አንድ ሰው «ጠርጣራ ሴት ነበሩ» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው። ያ ጠርጣራነታቸው አንድ ሰው ከስቅላት እንዳዳነ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

አክስቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ እኔ ቤቴ ቅርብ ስለ ነበር ከእሳቸው ዘንድ አልጠፋም። መተማ ከወንዙ ዳር ባላቸው ከገዳሪፍ ባመጡት ዘር የተከሏቸው የዘይቱን ዛፎች ነበሯቸው። ዱቄት ሲገዙ አሽትተው ነው፤ ሰሊጥ ሲገዙ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ሰደው ከሥር ያለውን ዘግነው ያያሉ። ነጋዴው ቢቀየም «የጠረጠርኩት ሰሊጡን ነው እንጂ አንተን አይደለም» ይሉታል። ዘመኑም የጣሊያን ነበር። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሦስተኛው ከመጣ ወሬው ወዲያው ስለ ዝናብ ይሆናል። ማን ለጣሊያኖቹ ምሽግ ወሬ እንደሚያቀብል፣ ማን ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ እንደሚልክ ስለማይታወቅ ሁሉም ሁሉን ይፈራ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ዘይቱኑ ሳይበስል ይረግፍ ጀመር። ፍሬው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው አፍ እንደ እንጨት ብናኝ ያለ ቡናማ ነገር ተለጥፏል፤ ዙሪያው ጠቁሮ ይለሰልሳል። አክስቴ ለምሽጉ ወጥ ቤት ፍሬ ይሸጡ ስለ ነበር፣ አንድ ወታደር ከዚያው በልቶ ሆዱን ሲታመም ነገር ተነሣ። የምሽጉ አስተርጓሚ መጥቶ የወደቀውን እያገላበጠ «ይህ በመርፌ የተወጋ መርዝ ነው» አለ።

መርፌ የሚሸጡት ደግሞ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጅ ኢድሪስ ነበሩ። ድንበር ተሻግረው እንግሊዞች ወዳሉበት ወደ ገላባት ይመላለሳሉ፤ በመስኖ ውኃ ምክንያትም ከአክስቴ ጋር ተኳርፈዋል። ሰው ሁሉ «እሳቸው ናቸው» አለ። በማግሥቱ የምሽጉ ወታደሮች አሰሯቸው። አክስቴም «በአጥሬ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩኝም። ልቤ ጠርጥሯቸዋል» አሉኝ።

አስተርጓሚው ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

«ሐጁ ፍሬውን ሲወጋ አይቻለሁ ብለሽ ጣትሽን አትሚ።»

«አላየሁም።»

«ትጠረጥሪው የለም እንዴ?»

«እጠረጥራለሁ። አየሁ ግን አልልም።»

«ለገበያ ቀን ይሰቀላል። ካላተምሽ አብረሽው ነበርሽ ማለት ነው፤ እወቂበት» ብሎ ወጣ።

አክስቴ በሩን እያዩ «ይህ ሰው ለምን ቸኮለ?» አሉ። ቢላ ይዘው ዛፉ ሥር ተቀመጡና የወደቀውን ይሰነጥቁ ጀመር። ቀዳዳው እስከ ዘሩ ድረስ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ገላው ቀላ ያለ ትል ተቀምጧል። እኔ «ይኸው፣ ተገኘ!» ስል ገሠጹኝ፦ «ትል የበሰበሰ ነገር ሁሉ ላይ ይወጣል። የወጋው ትሉ ነው ወይስ ሰው ወግቶት ነው የተላው?»

ስለዚህ ገና ምንም ያልነካቸውን ፍሬዎች እዚያው ቅርንጫፉ ላይ በሻሽ ቁራጭ ቋጠሯቸው፤ ሌሎቹን እንዲሁ ተዉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ስናይ አመድማ ትንንሽ የእሳት እራቶች እየመጡ ካልተቋጠሩት ፍሬዎች ላይ ያርፋሉ። ባረፉበት ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ፣ ከመርፌ ራስ የማይበልጥ እንቁላል አገኘን። ሐጅ በእስር ላይ እያሉ ያልተቋጠሩት ተበሱ፤ የተቋጠሩት ደህና ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ለእስረኛው እንዲሆን ወተት ይዘው የሐጅን ባለቤት ወይዘሮ ፋጡማን ጠየቁ። ወይዘሮ ፋጡማ በሩን ገርበብ አድርገው «ከእርስዎ ቤት የመጣ ነገር ለባሌ አላደርስም» አሏቸው። አክስቴ አልተቀየሙም። «እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር» ብለው ከወተቱ ጠጡና፣ እንዳልታመሙ እስኪታይ ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ወተቱ ደረሰ።

የገበያው ቀን ዋዜማ ወደ ምሽጉ አብሬያቸው ሄድኩ። ትሉንና የተቋጠሩትን ፍሬዎች ለጣሊያኑ ሹም አሳዩ። አክስቴ ብዙ ሲናገሩ አስተርጓሚው ሁለት ቃል ብቻ ይናገራል፤ ሹሙም ይስቃል። አክስቴ አስተርጓሚውን ከላይ እስከ ታች አዩትና መናገር አቆሙ። በምሽጉ ግቢ ውስጥ አንድ ዘይቱን ነበር፤ ሥሩ ሌት ተቀን ዘበኛ ስለሚቆም የውጭ ሰው አይጠጋውም። ቀጥ ብለው ወደዚያ ሄዱ። ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባበለ። አክስቴ አንድ ፍሬ ቀጥፈው በመዳፋቸው ላይ ሰነጠቁና ለሹሙ ዘረጉ። ትሉ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛውንም ሰነጠቁ፤ ያው ነው። ከዚያ በጣታቸው ወደ ዘበኛው አመለከቱ። ሹሙ ዛፉን አየ፤ ዘበኛውን አየ፤ ቀጥሎ አስተርጓሚውን ትኩር ብሎ አየው።

ሐጅ ኢድሪስ ማታውን ተፈቱ። ሹሙ ግን መጠርጠሩን አልተወም፤ በማግሥቱ ወታደሮች ልኮ የአክስቴን ዛፎች በሙሉ አስቆረጠ። እሳቸው መጥረቢያው ሲያርፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

ሐጅ መጥተው ከጉቶዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። «ወይዘሮ ብርቄ፣ ጠርጥረውኝ ነበር?»

«አዎን ሐጅ፤ አልደብቅዎትም።»

ሐጅም «እኔም ወላሂ ያሳሰሩኝ እርስዎ መስለውኝ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ውኃውንም በተራ ይከፍቱ ጀመር።

አክስቴ ከትሎቹ አንዱን አፈር ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አኑረውት ነበር። አፈሩን በድር አያይዞ ጎጆ ሠራና ቆይቶ ያንኑ አመድማ የእሳት እራት ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ያለውን ሁሉ «የወደቀውን ልቀሙና በፈላ ውኃ ቀቅሉት። ከተዋችሁት አፈር ገብቶ ክንፍ አውጥቶ ይመለስባችኋል» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ጣሊያን ሲወጣ ሰዎች ኮኪት ድረስ መጥተው ያ አስተርጓሚ የሰው ቤት ሲያቃጥል «አይቻለሁ» ብለው እንዲመሰክሩ ለመኗቸው። በትኩሳት ተኝተው «እኔን ማስፈራራቱን እናገራለሁ፤ ቤቱን ማን እንዳቃጠለ አላውቅም» አሉ። ሰዎቹ ተቆጥተው ሄዱ።

ሐጅ ኢድሪስ ለቀብሩ ከመተማ በግመል መጥተው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር።

አክስቴ፣ አገሩ ነፃ ወጥቷል ይላሉ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይመዝናል። እርስዎ ደክመዋል፤ እንግዲህ ይረፉ። እዚያ የሚጠረጠር ሰው የለም ይባላል። ከሌለ ደስ ይለኛል፤ ካለም እርስዎ አጠገቡ በመሆንዎ ደስ ይለኛል። ደህና ይሁኑ።